የስብ ዝውውር አፈጻጸም

ዓለም ብዙ ታላላቅ መሪዎችን አይታለች፤ አይጥን ፊት ለፊት ቀርቦ ስለ ውፍረቷ የገሠጸ መሪ ግን ከተቋማችን ዋና ዳይሬክተር በቀር እስካሁን አልተሰማም። ይህን የምለው የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛቸው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም።

ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ውፍረትን ከእናት ከአባታቸው የወረሱ አይጦች ይኖራሉ። የሚያጠኗቸው «ቀጮ» የምንላት ተመራማሪና አንድ ኮስታራ ጎልማሳ ረዳቷ ናቸው። ዳይሬክተሩ፣ ወንበራቸውን ከአጎታቸው የተረከቡት ሰው፣ አንድ ቀን ለጉብኝት ወረዱና አይጦቹ ጎናቸው ከማደሪያቸው ሽቦ ጋር እስኪጣበቅ ወፍረው፣ አሁንም ሲበሉ አይተው እጅግ አዘኑ።

«ይሄ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው» አሉ ወደ አይጦቹ ጎንበስ ብለው። «ቀለባቸው በግማሽ ይቀነስ። የሚሮጡበት መንኮራኩርም ይግባላቸው።»

ሁሉም በታዘዘው መሠረት ተፈጸመ። አይጦቹ በግማሽ ቀለብም ወፍራም እንደሆኑ ቀሩ፤ መንኮራኩሩ ላይም ወጥተው ተኙበት። ዳይሬክተሩ ይህን እንደ ንቀት ቆጥረው፣ አይጦቹ እስከ በጀት ዓመቱ መዝጊያ ካልከሱ ክፍሉ እንዲዘጋ ወሰኑ። ቀጮ ወጣትነቷን የጨረሰችው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ ሌላ የምትሄድበት ቤተ ሙከራ የላትም። ከልቤ አዘንኩላት። ውሳኔው በተነገረበት ስብሰባ ጭብጨባውን ያስጀመርኩት ግን እኔ ነኝ።

ቀጮ አቤት ልትል ወደ ላይ ወጣች። ምክትሉን አለፈች። የዳይሬክተሩ እህት ልጅ የሆነውን የምክትሉን ምክትል አለፈች። ቢሮ ጠቦት ጠረጴዛውን ኮሪደር ላይ የዘረጋውን አማካሪ፣ የባለቤታቸውን ወንድም፣ በጎን ሾልካ አለፈች።

«ጌታዬ፣ ጥፋቱ የአይጦቹ አይደለም» አለች። «ስብ ዝም ብሎ የተከመረ ነገር አይደለም፤ ሥራ አለው። የጤነኛ አይጥ ስብ ለአንጎሏ ‹በቃኝ› የሚል መልእክት ይልካል። የእነዚህ ግን በዘር በመጣ ጉድለት መልእክቱን መሥራት አይችልም። ሆዳቸው ሞልቶም ይርባቸዋል።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ከቀጭን አይጥ ትንሽ ስብ ወስጄ ከወፍራሞቹ ቆዳ ሥር ላስገባ።»

«ልጄ፣ በወፍራም ላይ ስብ ልትጨምሪ?»

«ያቺ ቁራጭ ናት በቃ የምትላቸው።»

«ከቀጭን ወስዶ ለወፍራም» አሉ ዳይሬክተሩ፣ ከረሜላ አፉ ውስጥ እንደሚያገላብጥ ሰው ቀስ ብለው። «ሐሳቡን አልጠላሁትም።»

ፈቀዱ። ከሳምንታት በኋላ አይጦቹ ምግቡ ፊታቸው ተቀምጦ ጀርባቸውን ሰጥተውት ተኙ። ከሱ። አንዷማ መንኮራኩሩን ማሽከርከር ጀመረች። ቀጮ ደረጃ ላይ ያገኘችውን ሁሉ አቀፈች፤ ያ ኮስታራ ረዳቷም እንባውን በነጭ ጋውኑ ጠረገ። ክፍሏ ተረፈች ብዬ እኔም ደስ አለኝ።

ግኝቱን ለማክበር አዳራሹ በወረቀት አበባ ተሸለመ። ዳይሬክተሩ እኔ የጻፍኩላቸውን ንግግር ወደ ጎን አድርገው ከልባቸው ተናገሩ።

«የተከበራችሁ ባልደረቦች፣ በአይጥ ደረጃ የተረጋገጠው ግኝት በተቋም ደረጃ ይተገበራል። ጽሕፈት ቤቴ በመጠኑ ገዘፍ ማለቱን ሐሜተኞች ያወራሉ። እኛም እንዳይገዝፍ ያላደረግነው የለም። መፍትሔውን ግን ሳይንስ አሳየን። ከቀጭን ክፍሎች እየተወሰደ ወደ ጽሕፈት ቤቴ ይዛወራል። በጥናት እንደተረጋገጠው ከሁሉም ቀጭኑ የአይጦቹ ክፍል ነው።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ነካ። የቀጮ እጆች ግን ጭኗ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ።

ትግበራው ሳይውል ሳያድር ተጀመረ። ማይክሮስኮፑ ወደ ላይ ወጥቶ ለምክትሉ መደርደሪያ ጌጥ ሆነ። የናሙና ማቀዝቀዣዋ የለስላሳ ማቆያ ሆነች። ረዳቷ እንግዳ መቀበያው ጋ ቆሞ በር እንዲከፍት ተመደበ። ቀጮ ይህን ሁሉ አይታ እንደገና ወደ ላይ ወጣች፤ በሩን የከፈተላት ራሱ ረዳቷ ነበር።

«ጌታዬ፣ ያለኝን ሁሉ ወሰዱ» አለች። «ለመሆኑ ጽሕፈት ቤትዎ በቃኝ አለ?»

ዳይሬክተሩ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟትና ጆሯቸውን ወደ ኮሪደሩ ሰጡ። ምክትሉ፣ የምክትሉ ምክትልና አማካሪው ማቀዝቀዣዋ ማን ቢሮ ትግባ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ዳይሬክተሩ ረዘም ላለ ጊዜ አዳመጡ።

«እስካሁን እንደዚያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም» አሉ በመጨረሻ፣ ለእውነተኛ ሳይንቲስት በሚገባ ጥንቃቄ። «መጠኑ አንሶ ይሆናል፣ ልጄ። እስቲ የክፍልሽን ቁልፍ ስጪኝ።»