ጋሼ ደረጀ ያመጡልኝ ፕሮሰሰር

ስጦታ ይዞላችሁ የመጣን ሰው «ለመሆኑ ይሄ ይሆነኛል?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። ብጠይቅ ኖሮ ይሄ ሁሉ ጉድ ባልመጣብኝ!

ሥራዬ እዚህ መቱ የሰርግ ቪዲዮ ማቀናበር ነው። ኮምፒውተሬ አርጅቷል፤ ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ እሱ ግሎ ድርግም ይላል። ይህን የሰሙት የባለቤቴ አጎት ጋሼ ደረጀ ከአዲስ አበባ የኮምፒውተር አንጎል የሚባለውን ፕሮሰሰር በመሀረብ ጠቅልለው ይዘውልኝ ከች አሉ። ከሚሰካበት ሰሌዳ፣ ከማዘርቦርዴ ጋር ይስማማ አይስማማ ማን ያጣራል? አመስግኜ ተቀበልኩ። ጊዜው ደግሞ የጭንቅ ነው። በማግስቱ ኡካ ከተማ የኦቦ ተስፋዬ ልጅ መልስ አለ፤ የሰርጓን ቪዲዮ እንግዳ ፊት ላሳይ ቃል ገብቻለሁ።

ኮምፒውተር ጠጋኙን ገመቹን ጠራሁት። አሮጌውን ፕሮሰሰር ሲያነሳው ደነገጥኩ፤ ሙቀት እንዲያሳልፍ የሚቀባው ግራጫ ቅባት ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ውስጥ ገብቶ ተለጥፏል። ገመቹ በአልኮልና በለስላሳ ብሩሽ እነዚያን ፀጉር የሚያካክሉ የሶኬቱን እግሮች ያጸዳ ጀመር። አጸዳ፣ አጸዳ። ከጸዳም በኋላ ያጸዳል! ምን ነካው?

ለካ አዲሱን ፕሮሰሰር ገና ሲያየው እንደማይሆን አውቋል። የእሱም እግሮች ከሆዱ ሥር ተደርድረዋል። እግር እግር ላይ እንዴት ይቀመጣል? ግን ጋሼ ደረጀ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀምጠዋል። ትልቅ ሰው ፊት «ያመጡት አይሆንም» ይባላል እንዴ! በኦሮምኛ ቀስ ብሎ «ሂን ታኡ» አለኝ፣ አይሆንም ማለቱ ነው። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

«ጫን በለው እንጂ፣ ጎረምሳ አይደለህም?» አሉ ጋሼ ደረጀ።

ጫን አለው። ቀጭ!

ነፍሴ ልትወጣ ነበር። የሶኬቱ እግሮች ተጨፍልቀው ተኝተዋል። አዲሱ አይገባ፣ አሮጌው አይመለስ። የሰርጉ ፊልም ዲስኩ ላይ ደህና ነው፤ ግን ሌላ ኮምፒውተር ፈልጎ፣ አቀናብሮ ለነገ ማድረስ የማይታሰብ ነው። ጋሼ ደረጀ «ተስማማው?» ሲሉኝ «በደንብ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳቸው።

በማግስቱ እውነቱን ልናገር ኡካ ሄድኩ። ኦቦ ተስፋዬ ባዶ እጄን አዩ፣ ፊቴን አዩ። አፌን ሳልከፍት ወደ እንግዶቹ ዞረው «የልጁን ሥራ እኛ ትናንት አይተነዋል፤ ዛሬ የማናሳያችሁ መብራቱ ስለማያስተማምን ነው እንጂ ድንቅ ነው!» አሉ። ክው አልኩ። የሙሽሪት እናት ተቀብለው፣ ልጃቸው ጉልበት ስማ የምትወጣበት ቦታ ላይ እንዴት እንዳለቀሱ ይተርኩ ጀመር። ሙሽሪትም ሳትቀር «ሙዚቃውስ!» ብላ ዐይኗን ጠረገች። የትኛው ሙዚቃ? ገና አልመረጥኩም እኮ!

እኔን ከውርደት ለማዳን ነው፤ ገብቶኛል። ግን ሰው እንዴት ያላየውን ፊልም እንዲህ ያለቅስለታል?

ሹልክ ልል ስል የሙሽራው አጎት እጄን ለቀም አደረጉኝ። ለካ የራሳቸውን ልጅ ሊድሩ ነው።

«ልክ እንደዚሁ አድርገህ ሥራልኝ» አሉኝ። «ያቺ የምታስለቅሰው ቦታ እንዳትቀር። ሙዚቃውም ያው ይሁን።»

«እሺ ጋሼ» አልኳቸው።