ጃንጥላ አንስቼ የምሻገረው እኔ፣ ዛሬ የአህያ ጭነት ይዤ ተሻገርኩ

ዛሬ ጠዋት መቱ ላይ አንድ ሽማግሌ የአህያ ጭነት ሙጭጭ አድርጎ ይዞ አስፋልት ሲሻገር ያያችሁ ካላችሁ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ። ፎቶ ያነሳችሁ ደግሞ አጥፉት!

የምጽፈው ቆሜ ነው። ፊደል ብሳሳት እለፉኝ።

ግን ወደ ውርደቴ ከመግባቴ በፊት የተዋረደው ማን እንደሆነ ይታወቅ። አዲስ የገባችሁ ተከታዮች አላችሁና።

ጋሼ ደበበ እባላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፣ ብቻዬን። በሰፈራ ከወሎ መጥቼ ኦሮምኛን ገበያ ውስጥ ለመድኩ። ልጄ አልማዝ ትምህርት ቤት ገብታ በቁቤ መማር ስትጀምር ደግሞ ከጎኗ ቁጭ ብዬ ቁቤውንም ቻልኩት። ሬዲዮ መጠገን፣ ጄኔሬተር መፍታት፣ የቡና መፈልፈያ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ምን እንደነካው ማወቅ፣ ማንም አላስተማረኝም። ይህን ስልክም ራሴ ጎርጉሬ ነው የለመድኩት። ከያዮ እስከ ኖፓ "ማሽኑ እምቢ አለ" ከተባለ የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ።

ይህ ጉራ አይደለም። መረጃ ነው።

አሁን ወደ አስፋልቱ።

ስለ ዘንድሮ እግረኛ በዚህ ፔጅ ስንት ጊዜ ጻፍኩ? ጆሮው ላይ ኢርፎን ሰክቶ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሎ መሃል መንገድ የሚንሳፈፈውን! ሲጠሩት የሚቆጣውን! ሁሉም "መብቴ ነው" ይላል። ግዴታዬ ነው የሚል አንድ ሰው አሳዩኝ እስቲ!

እናንተም ላይክ አድርጋችኋል። "ጋሼ ልክ ነዎት" ብላችኋል።

እኔስ እንዴት ነበር የምሻገረው?

ጃንጥላዬን ወደ ላይ አነሳለሁ። አገጬን ቀና አደርጋለሁ። እሄዳለሁ። አበቃ!

ግራ ቀኝ አላይም። ምን ብዬ ነው የማየው? እኔ እዚህ ስመጣ አስፋልት የሚባል አልነበረም። መንገዱ ሲሠራ ድንጋይ ተሸክሜበታለሁ። የሚያየው ሹፌሩ ይሁን! ጎረምሶቹ የማያዩት ስለተዘናጉ ነው፣ እኔ የማላየው ስለምከበር ነው። ልዩነቱ ለእኔ ግልጽ ነበር።

መኪናው ሁሉ ደግሞ ይቆምልኝ ነበር። ባጃጁም፣ ሚኒባሱም። እንደ ሰላምታ ነበር የምቆጥረው።

አልማዝ ሁሩሙ ስለምትሠራ በማለዳ ሚኒባስ ትሄዳለች። ልጇን ሀዊን ኬጂ የማደርሰው እኔ ነኝ። ሀዊ ገና ጥርሷን መቀየር አልጀመረችም። ኬጂው ከአስፋልቱ ማዶ ነው።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ዛሬ ጠዋት መንገዱ እንደ መስታወት ያበራል። ከእትዬ ዘነበች የሻይ ቤት ፊት ለፊት ስንደርስ አንድ ጎረምሳ ኢርፎኑን ሰክቶ፣ በባጃጆች መሃል እየተጠማዘዘ ሲሻገር አየሁ።

"ዘነበች! ተመልከቺልኝ ይህን!" አልኩ።

ለማሳየት ጃንጥላዬን አነሳሁ። ጃንጥላውን ለማንሳት የሀዊን እጅ ለቀቅኩ።

"ምን አለ ጋሼ፣ የዛሬ ልጅ እኮ ነው" አለችኝ ብርጭቆ እያጠበች።

"የዛሬ ልጅ ማለት ምን ማለት ነው? አሳዳጊ የለውም?" አልኩ። አዎ፣ በዚህች አፌ!

ዞር ስል ሀዊ የለችም።

አለች። አስፋልቱ መሃል።

ትንሿን እጇን ወደ ላይ አንስታለች። አገጯን ቀና አድርጋለች። ግራ አታይም፣ ቀኝ አታይም። አረማመዷ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ?

ከላይ ከቁልቁለቱ ቡና የጫነ ቀይ መኪና ይወርዳል።

ጥሩምባው ጮኸ። ፍሬን ያዘ። አልቆመም! ጎኑን ሰጥቶ፣ በእርጥቡ አስፋልት ላይ እየተንሸራተተ ወደ እሷ መጣ።

ሀዊ አልሮጠችም። ለምን ትሮጣለች? እጇን አንስታለቻ!

እኔ ልሮጥ ፈለግኩ። እግሬ እምቢ አለ። የስንቱን ማሽን ሞተር ያስነሳሁ ሰው፣ የገዛ እግሬን ማስነሳት አቃተኝ። አፌ ብቻ ተከፈተ። ምን ብዬ እንደጮህኩ እንኳ አላውቅም። እትዬ ዘነበች ኋላ እንደነገረችኝ "እማዬ!" ነው ያልኩት።

በዚህ ዕድሜዬ! በመላው ገበያተኛ ፊት!

ሹፌሩ መሪውን ወደ ዳር ጠመዘዘው። የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ፣ መኪናው ዘመመ፣ አንድ ጆንያ ከላይ ወድቆ ተተረተረ። ከዚያ ቆመ። ከሀዊ ያለው ርቀት? እኔ ከጃንጥላዬ ጋር ብተኛበት የምሞላው ነው።

የቡናው ፍሬ ብቻ ቁልቁል ይንከባለላል።

ያን ጊዜ እግሬ ተነሳ። ደርሼ ልጅቷን አቀፍኳት። ራሷን ዳሰስኩ፣ እጇን ዳሰስኩ፣ እግሯን ዳሰስኩ። ጭረት የለባትም።

ሹፌሩ ወረደ። ለስድብ ተዘጋጅቼ ነበር። መልሱንም አሰናድቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም። ግን ፊቱ አመድ መስሏል። ወጣት ነው።

"ኢንተለቲን ነጋ? ጋሼ፣ ልጅቷ ደህና ናት?" አለኝና መልሴን ሳይሰማ እዚያው እርጥብ አስፋልት ላይ ቁጭ አለ።

ሀዊ ከእቅፌ ወጥታ ሄደች። ሹፌሩ ፊት ቆመች። ወገቧን ያዘች።

"አንተ! እጄን አንስቼ የለ እንዴ? አታይም?"

ወገኖቼ፣ ድምፁ የእሷ ነው። ንግግሩ የእኔ ነው። የባጃጅ ሹፌሮችን ሁሉ የምናገርበት!

ሹፌሩ አልተቆጣም።

"አየሁሽ የኔ እናት" አላት። "መኪናው ግን እኔ ስላየሁሽ ብቻ አይቆምም።"

ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቃት። "እንደዚህ ተሻገሪ ያለሽ ማን ነው?"

ገበያተኛው ሁሉ ከቦናል። ሀዊ በዚያችው ባነሳቻት እጅ ወደ እኔ ጠቆመች።

በኩራት!

መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። መሬቱ ግን አስፋልት ነው።

"አልሰሙም ጋሼ? እርስዎን እኮ ነው!" አለች እትዬ ዘነበች ከኋላ። አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። ኢርፎን የሰካው ነው። ለዚህ ለዚህ ጊዜ ይሰማል!

ጉዱ ግን አላለቀም። ኬጂው አሁንም ማዶ ነው።

ሰዎች መኪናውን ከቦይ ገፍተው አወጡ፣ ቡናው ተለቀመ፣ ሹፌሩ ሄደ። እኔ ሀዊን ጥርቅም አድርጌ ይዤ ዳር ላይ ቆምኩ። ባጃጅ አለፈ። ሚኒባስ አለፈ። ከዚያ ምንም አልነበረም።

"አባባ፣ መንገዱ ባዶ ነው።"

"ቆይ፣ ሊመጣ ይችላል።"

"ከየት?"

በሁለቱም በኩል ቁልቁል የሚንሸራተት ቀይ መኪና ይታየኝ ነበር።

"ጋሼ ደበበ፣ ዛሬ ጃንጥላው አይነሳም እንዴ?" ብላ ጮኸች ዘነበች። ጃንጥላዬን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። እንደምታውቁኝ እንዲህ ያለውን ዝም ብዬ የማልፍ ሰው አይደለሁም።

በመጨረሻ አህያ የምትነዳ አንዲት ሴት ከጎናችን ቆመች። እሷም ቆመች፣ አህያዋም ቆመች። ሴትዮዋ ወደ ላይም ወደ ታችም አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ምን እንዳየች እግዜር ይወቀው።

"ኮታ፣ አባ ኮ። ይምጡ አባቴ፣ ጭነቱን ይያዙ" አለችኝ።

ያዝኩ!

በአንድ እጄ ሀዊን፣ በሌላው የበቆሎ ጆንያ። ዓይኔን አልጨፈንኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ያየሁትን ውርደት አያችሁ። ግን ባዶ እጄን የተመለስኩ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የሠራሁትን ቁጠሩልኝ፦

ሹፌሩን ሳይሄድብኝ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም። በሁለቱም ድምፄ ተሰብሯል።

የፈሰሰውን ቡና ተንበርክኬ ለቅሜአለሁ። ከሁሉም የተሻለ ለቀምኩ፣ ዘነበች ትመስክር።

ለሀዊ "እኔ ያሳየሁሽ ስህተት ነው" ብያታለሁ። "ታዲያ ለምን አሳየኸኝ?" አለችኝ። እሱን አልቻልኩትም፣ አልፌዋለሁ።

አንገቴን ግራና ቀኝ አዙሬአለሁ። ይዞራል! ደህና ይዞራል።

አልማዝ ከሰው አፍ እንዳትሰማው ሁሩሙ ደውዬ ሁሉንም ነግሬአታለሁ። ሀዊ ደህና መሆኗን ሁለቴ አስደገመችኝ። ከዚያ "አባዬ፣ ከሰዓት ሌላ ሰው ልላክላት?" አለችኝ።

ከቀዩ መኪና ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነው።

"እኔው ነኝ የማመጣት" አልኳት። "እሺ" ለማለት ጊዜ ወሰደባት፣ ግን አለች።

ይኸው ሀዊን ላመጣ በጊዜ መጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆሜአለሁ፣ የምጽፍላችሁም ከዚሁ ነው። ግራ አይቻለሁ። ቀኝም አይቻለሁ።

ግን ቀኙን ሳይ ግራው ተለውጦ ቢሆንስ?