የአደራ እርግዝና

ሰው ከሰው የማይዋሰው ነገር የለም። ወንፊት እንዋሳለን፣ መሰላል እንዋሳለን፣ ደፈር ካልን መኪናም እንዋሳለን። ማህፀን የሚያውስ ሰው አለ ብትሉኝ ግን፣ ኦክላንድ ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬም ቢሆን፣ ጤናችሁን እጠራጠር ነበር። ምን ላድርግ፣ ሚስቴ ሆና አረፈችው።

ሰላማዊት ሳን ሆዜ ውስጥ አንዲት የቬትናም አሮጊት ትንከባከባለች። የአሮጊቷ ልጅ ሊን ማህፀኗ በሕመም ምክንያት ወጥቷል። አንድ ቀን ሰላማዊት ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ የሊንንና የባሏን ልጅ ልታረግዝላቸው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሁለት ልጆች ያለ ችግር ወልዳለች፤ ሐኪሞቹም መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ዘሩ የእነሱ ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ተዘጋጅቶ ማህፀኗ ውስጥ ይቀመጥላታል፤ ከእኛ የሚፈለገው ቦታው ብቻ። ገንዘብ አለበት ወይ ትሉኛላችሁ። አለበት። የሊንን ዓይን ብታዩ ግን ገንዘቡን ትረሱታላችሁ።

ከዚያ ውሉ መጣ። ለእነሱ ጠበቃ፣ ለእኛም ጠበቃ። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ እኔንም አስቀምጣ ጠየቀችኝ፤ የእኔም ደም ተመረመረ። ለተወሰነ ጊዜ አልጋ እንድንለይ ታዘዝን፤ የንስሐ አባቴ እንኳን እንዲህ አላከበዱብኝም። ሩቅ አገር መብረር ቀረ። አሮጊቷን ደግፎ ማንሳት የሌላ ሰው ሥራ ሆነ። ለፋሲካ እኛ ጥሬውን ክትፎ ስንከበው የእሷ ብቻ ተለይቶ በሰለ።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ በኋላ ሕልም የመሰለ ጊዜ መጣ። ሐኪሟ በየቀኑ ተራመጂ ስላለቻት፣ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከባሕሩ ሲገባ ሰፈራችን ያለውን ሐይቅ በዝግታ እንዞራለን። ሊን ድምጿን ቀድታ ትልካለች። ሰላማዊት ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ስልኩን ሆዷ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ አንዲት ቃሉ የማይገባን እሹሩሩ ሳሎናችንን ይሞላዋል። ልጆቻችን ረጭ ይላሉ። እኔ ስነዳ ውዬ እገባና እዚያው እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ስነቃ ዜማው አሁንም አለ፣ እጄም ሆዷ ላይ ነው። ልጁ ይራገጣል። የእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን እወደው ነበር።

ጎረቤት ግን ሆድ ያያል። «ዲው ዴትሽ መቼ ነው?» ብለው የመውለጃዋን ቀን ሲጠይቋት ፈገግ ብላ ታልፋለች። የሕንፃችንን ሐበሾች ከየት ጀምረን እናስረዳቸው? ሰላማዊት የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ልጇን ሸጠች እንዳይሏት።

ወለደች። ሊን ልጇን ታቅፋ አለቀሰች፣ ሰላማዊትም አለቀሰች፣ ከሳን ሆዜ ባዶ እጃችንን ተመለስን። ጡቷ በወተት ተወጥሮ ያማት ነበር። ስለዚህ ጉዳይ ውሉ ላይ ምንም አልተጻፈም።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ሆዷ ጎድሎ ሕፃን አለመኖሩን ያዩ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተዋል። ከፊት የፎቁ ሁሉ እናት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ሰላማዊትን አቅፈው ማልቀስ ጀመሩ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። እሷም ሆድ ብሷት ነበርና አብራ አለቀሰች። በሕይወት ላለ ልጅ እንዲህ ሲለቀስ ቆሞ ማየት ሟርት ሆነብኝ።

«እማማ፣ ልጁ ደኅና ነው» አልኳቸው። «እናቱ ጋ ነው።»

ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰላማዊት ፎጣ ደረቷ ላይ ይዛ ወለሉን ታያለች። እማማ ጥሩወርቅ እኔን ትተው ወደ እሷ ዞሩ።

«የወለድሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«አምጠሽ?»

«አምጬ።»

ነጠላቸውን ፈቱና አስተካክለው ለበሱ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረው «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? አራስ ቤት ነው የመጣነው። ገንፎ አገንፉ እንጂ» አሉ።

ሰላማዊት ከነእንባዋ ጎረሰች። ለካ ገንፎው ድሮም የእናትየዋ ነው፤ ጨቅላ መች ገንፎ ይበላና።