የሰዓቱ መርዶ

እኛ የጎንደር ሰዎች ሌላ ጊዜ ውሸት አያምርብንም፤ ሞት ሲመጣ ግን እንችልበታለን። እዚህ ሃሊሳ የሚባል ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጃችን እናቱ አገር ቤት ሞተውበት፣ ልጁን እስኪድር ተብሎ ሰፈሩ በሙሉ እያወቀ እሱ ብቻ ሳያውቅ ሦስት ሳምንት ሰነበተ። ሰርጉ ላይ እስክስታ ስወርድ ዓይኑን ማየት አቅቶኝ ጣራ ጣራውን ሳይ ዋልሁ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ ተሰብስቦ ማለዳ በሩን ያንኳኳ። እዚህ ተወልደው በዕብራይስጥ አፍ የፈቱት ልጆቻችን ይሄን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ይይዛሉ። «ለምን አትደውሉለትም?» ይላሉ። በስልክ! ሞትን እንደ ፒዛ!

እንግዲህ ሳቁብኝ፤ እኔ ደግሞ የእጅ ሰዓት መርዶ ደበቅሁ።

ሰዓቱ የሟች ወንድሜ የታከለ ነው። ዲጂታል ሆኖ ሒሳብ የሚሠራ፣ ፊቱ ላይ ከጤፍ ትንሽ የሚተልቁ ቁልፎች የተደረደሩበት። ታከለ እንደኔው ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሰው ነው፤ ግን ፋብሪካው ውስጥ ማናሄሉ፣ አለቃው ማለት ነው፣ ወረቀት ፈልጎ፣ እርሳስ ፈልጎ ካርቶኑን ሳይደምር፣ እሱ በጥፍሩ ጫፍ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «ይሄን ያህል ነው፣ ጌታዬ» ይላል። ለዚህች ሲል የትንሽ ጣቱን ጥፍር አይቆርጥም ነበር። «ጭልፊት ልትሆን ነው ወይ?» እያልሁ ስንት ዘመን አበሸቅሁት!

ሙት ዓመቱ ሦስት ወር ሲቀረው ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር እቤቷ ብሄድ፣ ሚስቱ ዘውዲቱ ሰዓቱን በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ ባትሪ ያስቀይሩልኝ። ለተዝካሩ ፎቶው አጠገብ ላስቀምጠው።»

ሰዓት ሠሪው ከፈተው፣ አየው፣ መልሶ ዘጋው። ባትሪው ፈስሶ ውስጡ ያለችውን አረንጓዴ ቦርድ፣ ያችን መስመር መስመር የታተመባትን፣ እንደ ብል በልቷታል። «ቦርዱ ሞቷል፤ መለዋወጫም የለው» አለኝ። ሞቷል አለኝ እኮ! አፉን አልያዘውም።

ምን ብዬ ልንገራት? ባሏን ቀብራ ዓመት ሳይሞላት፣ ሰዓቱም ተከተለው ልበላት? «ሠሪው ዘንድ ወረፋ ነው» አልኋት። ከዚያ ወዲያ ሰውየውን አሳመምሁት፣ አዳንሁት፣ ሴት ልጁን ዳርሁለት። ልጅ ይኑረው አይኑረው እንኳ አላውቅም።

ሲጨንቀኝ ወደ ታከለና ዘውዲቱ ልጅ ወደ ኦርሊ ሄድሁ። ኤሌክትሮኒክስ ትማራለች፤ ክርያት ሐይም ከጓደኞቿ ጋር ነው የምትኖረው። በአባቷ ለቅሶ ወንበር ስታመላልስ፣ ለመጣው ሁሉ «ቤሰደር፣ ቤሰደር»፣ ደህና ነኝ ማለቷ ነው፣ ስትል ዋለች እንጂ አንዲት እንባ አልወጣትም። አክስቶቿ ዛሬም ያሟታል። የሰዓቱን ሆድ ከፍታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«አዲስ ቦርድ እሠራለታለሁ።»

«አንች? እንቁላል መጥበስ የማትችይው?»

«ዶድ፣ አንተ ብቻ አትንካው!»

ዶድ ማለቷ አጎቴ ነው። እርስዎ የሚባለውን ነገር እዚህ አገር ማን ያስተምራታል።

የሞተችውን ቦርድ እንደ ሬሳ ለካቻት፤ ርዝመቷን፣ ውፍረቷን፣ እያንዳንዷን ቀዳዳ። ኮምፒውተር ላይ ሳለቻትና ሥዕሉን ውጭ አገር ቦርድ ለሚሠሩት ላከች። ቦርዷ በፖስታ ስትመጣ፣ አንጎል የሚሆናትን ቅንጣት በማጉያ መነጽር እያየች በየደችባት። ገጠምነው፤ በራ! ሰባትን ብነካ ግን ዘጠኝ አለኝ። ለካስ ቁልፎቹ የሚያርፉበትን ግራና ቀኝ ገልብጣ ኖሯል የሳለችው።

«አባትሽ ሰባት ሲሉት ሰባት ነበር የሚል» አልኋት ለጨዋታ። አልሳቀችም። እንደገና ሳለች፣ እንደገና ላከች፣ እንደገና ጠበቅን። እኔም የሰዓት ሠሪውን ሰርግ በመልስ፣ በቅልቅል አራዘምሁት። ሁለተኛዋ ቦርድ ልክ ገባች።

የተዝካሩ ዋዜማ ለዘውዲቱ አስረከብናት። ቁጥሩ ሲሮጥ አይታ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ይሄ ሞቶ አልነበረም እንዴ?»

«ማን ነገረሽ?»

«እኔው ከፍቼ ፈስሶ አይቼው ነበር! ለእርስዎ መንገር ፈርቼ ነው። ወንድምዎ ከሞተ ወዲህ በመጡ ቁጥር ከሰላምታ በፊት የሚያዩት ሰዓቱን ነበር። ባትሪ ብዬ ብልክዎ ሠሪው ያረዳዎታል ብዬ ነው። ሠሪው ታሟል፣ ልጅ እየዳረ ነው ሲሉኝ፣ ‹ምስኪን፣ እሱም ለጋሼ መንገር ከበደው› ብዬ አዘንሁለት።»

ኦርሊ እኔን አየች፣ እናቷን አየች። «ሁለታችሁም ታውቁ ነበር?» አለች። ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። «አባ!» ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ዘውዲቱ ወርዳ አቀፈቻት።

በነጋታው ቄሱ ጸሎት ሲጀምሩ፣ ከአክስቶቿ አንዷ የኦርሊን ያበጠ ዓይን አይታ ክርኔን ነካ አደረገችኝ።

«ምነው፣ ይች ልጅ አባቷ መሞቱን ዛሬ ነው እንዴ የሰማች?»

«የለም፣» አልኋት፤ «ትናንት ነው ያረዳናት።»