አራት ጣት ካልገባ መረብ አይደለም

አቶ ጀቤሳ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ዝዋይ ሐይቅ ውስጥ ሰምጠው ነበር። «ሰምጬ ነበር» የሚሉት እሳቸው ናቸው፤ ሰምጦ ሲያበቃ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰው የሚቆጣ ሌላ ሰው ግን አላውቅም። ያን ቀን ብቻቸውን ነበሩ። ከቀትር በኋላ የሚነሳው ነፋስ የደንገል ታንኳቸውን ገለበጠው። ማዕበሉ ሲያንገላታቸው ቆይቶ አባታቸው ቋጥረው የዘረጉት መረብ ላይ ጣላቸው። አራት ጣታቸውን በመረቡ ዓይን አስገብተው ጨበጡ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጎረቤት በታንኳ ደርሶ እስኪያወጣቸው ድረስ አልለቀቁም። ክሩ ጣቶቻቸው ላይ የተወው ጠባሳ ዛሬም አለ። ቀጨኔ ውስጥ ይህን ጠባሳ ያላየ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ ነው።

በየሰፈሩ ደንበኛውን የሚቆጣ አንድ ባለሙያ አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ከሆነ «ይህ ጨርቅ ላንተ አይሆንም» ብሎ ይመልስሃል። ፀጉር አስተካካይ ከሆነ አንተ የጠየቅከውን ትቶ እሱ ያመነበትን ይቆርጥሃል። ከሁሉ የሚያናድደው ብዙ ጊዜ እውነቱን መሆኑ ነው። ለእኛ ሰፈር የደረሰው መረብ ሠሪ ነው። ሐይቅ በሌለበት፣ ወንዙም በክረምት ብቻ ወንዝ በሚመስልበት በጉለሌ፣ የአሳ መረብ ሠሪ!

ከተወለዱበት የሐይቁ ደሴት ወደ ቀጨኔ ያመጣቸው ትዳር ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ታየች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቀጨኔ ተወላጅ ነበሩ። ከእንስራ የበዛ ውኃ ያስፈራቸው ነበር። «ወይ እኔ ወይ ሐይቁ» አሏቸው። አቶ ጀቤሳ ታየችን መረጡ፤ የእንጨት መርፌያቸውንና የክር ጥቅላቸውን ግን ይዘው መጡ። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ይቋጥራሉ። የቋጠሩትንም በየዓመቱ በአውቶቡስ ለወንድማቸው ልጅ ለዓለሜ ይልካሉ። ራሳቸው አንድም ቀን ወደ ሐይቁ አልተመለሱም። ታየች ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏል፤ አሁንም ከበረንዳው አልተነቃነቁም።

ሕጋቸው አንድ ነው። የመረቡ ዓይን አራት ጣት ማስገባት አለበት። ትልቁ አሳ ይያዛል፤ ገና ያልወለደው ሾልኮ ያልፋል። «አራት ጣት ካልገባ መረብ አይደለም፣ ወንፊት ነው» ይላሉ፣ የተጠየቁትም ያልተጠየቁትም ጊዜ።

አንድ ጊዜ የስፖርት አስተማሪው ኤርሚያስ ለትምህርት ቤቱ የግብ መረብ እንዲሠሩለት ለመናቸው። አራት ወር ፈጀባቸው። ኤርሚያስ ትዕግሥቱ ሲያልቅ መጣ።

«ጋሼ፣ ዓይኑን ሰፋ ቢያደርጉት ቶሎ ያልቅ ነበር እኮ።»

«አራት ጣት!»

«ኳስ እኮ አይወልድም፣ ጋሼ!»

አቶ ጀቤሳ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «አንተስ ወልደሃል?»

«ኧረ ገና ነኝ። አላገባሁም።»

«ታዲያ ለዚህ ነው የለቀቅኩህ። ሂድ፣ እለፍ።»

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ፣ አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ለካህናት ትቼ፣ ጳውሎስ አካባቢ ወዳለ አንድ አሳ ቤት ወሰድኳቸው። ስሟ ሄርሜላ የሚባል ፈገግተኛ አስተናጋጅ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ጠብሳ አቀረበችልን። ክቡርነታቸው አልነኩትም። አራት ጣታቸውን ከአሳው ጎን አጋድመው ለኩት።

«ልጄ፣ የዚህ አሳ እናት የት ናት?»

«ፍሪጅ ውስጥ ትሆናለች፣ አባባ።»

«ይሄ እኮ ክርስትና እንኳ አልተነሳም!»

ቤቱ በሳቅ አለቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሽሮ አዘዙ፤ ሽሮውን እየበሉም ዓይናቸው ከአሳው ላይ አልተነሳም። ዘመድ የቀበረ ሰው እንዲያ ሲመለከት አይቻለሁ።

ለመረቡ ተንሳፋፊ የሚሆናቸው ያረጀ ነጠላ ጫማ ነው። ሶሉን በክብ በክብ ቆርጠው ከገመዱ ጋር ያስሩታል። በዚህ የተነሳ በሰፈራችን ሰው ሲያገኙ መጀመሪያ የሚያዩት እግሩን ነው። «ስለሺ፣ ይቺ ጫማህ መቼ ነው የምታልቅልህ?» ይሉኛል በየሳምንቱ፣ የታመመ ቤተሰብ እንደሚጠይቅ ሰው። እኔም «ገና ጤነኛ ናት» እላለሁ።

ከሁሉ የለመድነው ግን የዘጠኝ ሰዓቱን ነው። ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ወረድ ሲልና የቤቱ ቆርቆሮ ሲንኳኳ መርፌያቸውን ያቆማሉ። ወደ ደቡብ ያያሉ፤ ከደቡብ በኩል የሚታየው የሰው ግድግዳ ነው። «አሁን ሐይቁ ተነሳ» ይላሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ማንንም አይቆጡም።

ዘንድሮ የካቲት ላይ ዓለሜ መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ፀሐይ ያከሰለው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። እኔም በረንዳው ላይ ነበርኩ። አምና የተላከለትን መረብ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ መልሶ አምጥቶታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ መረብ ባዶውን ገብቶ ባዶውን ነው የሚወጣው። ሁለት ጣት ይሥሩልኝ።»

«ሁለት ጣት ምን ይይዛል?»

«ያለውን። ያለው አሳ ሁለት ጣት ነው።»

«አሳው ሁለት ጣት የሆነው መረባችሁ ሁለት ጣት ስለሆነ ነዋ!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ግን እኔ ትንሹን ባሳልፈው ጎረቤቴ ይይዘዋል። የእሱ ልጆች በልተው የእኔ ጦማቸውን ያድራሉ። ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

አቶ ጀቤሳ መረቡን ከከረጢቱ ጎትተው አራት ጣታቸውን በአንዱ ዓይን አስገቡ። «አልሠራም» አሉ በመጨረሻ፣ ግን ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። ዓለሜ ጉልበታቸውን ስሞ ከረጢቱን ጥሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ መርፌው ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ማንንም አልተቆጡም፤ የማንንም እግር አላዩም። ኤርሚያስ ሰላም ብሏቸው ሲያልፍ «ደህና ነህ ወይ» ብቻ አሉት። እሱም ደንግጦ እኔ ጋ መጣ። «ጋሼ ጀቤሳን ምን ነካቸው? አልሰደቡኝም እኮ!»

እኔ ፊደልን በአርባ አምስት ዓመቴ ብቻዬን የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንም እንዲያርመኝ አልፈቅድም። ለአቶ ጀቤሳ ግን ፈቅጄ ኖሬያለሁ። ይህንን ያወቅኩት የሚያርመኝ ሳጣ ነው። አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለሁ ነፋሱ ወረደ፤ ቆርቆሮው ተንኳኳ። ቀና አላሉም። ጠበቅኩ። ከዚያ ሐይቁን በዓይኔ አይቼው የማላውቀው እኔ፣ ወደ ጎረቤት ግድግዳ እያየሁ፣ «አሁን ሐይቁ ተነሳ» አልኩ።

ዞር ብለው አፈጠጡብኝ። «አልተነሳም! በዚህ ነፋስ ሐይቅ አይነሳም። ይሄ ለልብስ ማድረቂያ የሚሆን ነው። የማታውቀውን አትናገር!»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እሳቸው ግን ቁጣው ሲበርድ አንገታቸውን ደፉ። «ታየች ከሞተች ወዲህ ማን ከለከለኝ? ማንም። እንደነበረ ይቆይልኝ ብዬ ነው ያልሄድኩት። እኔ ሳላየው አለቀ» አሉ። በዚያው ቀን ስልኬን ተቀብለው ለዓለሜ ደወሉለት። ሐይቁ በሕይወት አለ ወይ ብለው እንደ በሽተኛ ጠየቁት። ብዙ አወሩ። እኔ የሰማሁት የእሳቸውን «እሺ» እና «እስቲ ድገመው» የሚለውን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ዓለሜ መልሶ ደወለ። የሦስት ታንኳ ባለቤቶች ደንገል የበቀለበትን አንዱን ዳርቻ አሳው እስኪወልድ ሊተዉትና ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ሊሞክሩ ተስማምተዋል። «ለሌሎቹ ግን ሽማግሌ ይናገርልን፤ እኛን አይሰሙንም፤ ይምጡልን» አለ።

ሰኞ ጠዋት ያን የተመለሰ ከረጢት እያገዝኳቸው ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አጠገብ ታክሲ መጠበቂያው ደረስን። ረዳቱ ከረጢቱን አይቶ «አባቴ፣ ምንድን ነው እሱ?» ሲላቸው «መረብ ነው፤ አንተ ታልፋለህ፣ አትፍራ» አሉት። እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ሰው ሠላሳ አራት ዓመት የናፈቀው ቦታ ሲደርስ ይመለሳል ወይ እያልኩ ነበር።

«እዚያ ስንት ታንኳ ነው ያለው?» አልኳቸው።

«ዓለሜ አርባ ይጠጋል ይላል።»

«ሦስት ከአርባ ምን ይሆናል? ባይሰሙዎትስ?»

ጠባሳ ያለባቸውን አራት ጣቶች ከፊቴ ዘረጉ። «ስለሺ፣ ያን ቀን ያተረፈኝ ክሩ ይመስለኝ ነበር። ክሩማ ቆረጠኝ። ያተረፈኝ ቀዳዳው ነው፤ አባቴ ለትንሽ አሳ ብሎ የተወው ቀዳዳ። እኔ መምጣቴን አያውቅም ነበር እኮ። በዕድሜዬ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይሄ ነው። አንድ ሰው ለማያውቀው ሰው ቦታ ትቶ ስለነበር ነው የኖርኩት። ይሄንኑ እነግራቸዋለሁ። ከሰሙኝ ሰሙኝ። በል አሁን ያንን ነጠላ ጫማ አውልቅ፤ ጤነኛም ብትሆን እወስዳታለሁ።»