ካልታየ ሠርቷል

ቀኑን ሙሉ ሲለፋ የሚውል፣ የለፋበት ግን የማይታይ አንድ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የዚህኛው መሥሪያ ቤት ሰው ክቡር ድብቁ ይባላሉ።

ቤቱ ለጭነት መኪና ሾፌሮች የስልክ መተግበሪያ ይሠራል። ሌሎቹ ዓይን የሚስበውን፣ ቁልፉንና ቀለሙን ይሠራሉ። ክቡርነታቸው የሚሠሩት ገጽ የሌለውን ክፍል ነው፤ ሾፌሩ ኔትወርክ በሌለበት የመዘገበውን ይዞ ይቆይና፣ መስመር ሲመለስ ማንንም ሳይረብሽ ይልካል።

"ምን ሠራህ?" ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ "ካልታየ ሠርቷል።"

ይህች መልስ የክፍሉን ኃላፊ ጨጓራዋን ልጣዋለች። የሰውየው ውል በዚህ ወር ያልቃል፤ የሚታደሰው በእሷ ፊርማ ነው። ቅጹ ላይ ደግሞ "የታየ ውጤት" የምትል ሳጥን አለች። በግምገማው ቀን ባለቀለሙ ባልደረባ ገጾቹን ሲያገላብጥ ቤቱ አጨበጨበ። ክቡር ድብቁ ተራቸው ሲደርስ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት።

"ይኸው፣ እየሠራ ነው።"

"ምኑን ልይልህ?" አለች ኃላፊዋ።

"ካዩትማ ተበላሽቷል፣ አለቃ።"

"ስማኝ ወንድሜ፣ እስከ ዓርብ የሚታይ ነገር ካላመጣህ አልፈርምም።"

አመጡ። ሐሙስ ጠዋት፣ ያ ገጽ የሌለው ክፍል የሚሠራውን ሁሉ ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርገውት፣ መተግበሪያው የተጫነበት የሁሉም ሠራተኛ ስልክ አፍ አወጣ። "ተቀብያለሁ!" "ኔትወርክ የለም፣ እየጠበቅሁ ነው!" "አሁንም እየጠበቅሁ ነው!" ባለቀለሙ ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ መሳቢያው ይንጫጫ ጀመር። ኃላፊዋ ከደንበኛ ጋር ተቀምጣ ሳለ ቦርሳዋ "ነቅቻለሁ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ "ሥራ የለም፣ ተመልሼ ተኛሁ!" አለ።

"ደሞዝ ይከፈለዋል?" አለ ደንበኛው ቦርሳውን እያየ።

በሩን በርግዳ ወጥታ ክቡር ድብቁ ፊት ቆመች። "አጥፋልኝ!"

"ዓርብ እኮ ነገ ነው፤ ትንሽ ይታገሱ።"

"አንተ ሰው፣ በእናትህ!" ስልኳን አየችው። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት መቶ ጊዜ ጮኋል። "ይህን ሁሉ... ድሮም ይሠራ ነበር?"

"ድሮም። አፉን ዘግቶ።"

አጠፉት፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ኃላፊዋ ቅጹን አወጣችና "የታየ ውጤት" የሚለው ላይ "ምንም" ብላ ጻፈች። ከጎኑ ሙሉ ነጥብ ሰጥታ ፈረመች።

ከራሷ ስልክ ግን አንዲቱን መልእክት አላስጠፋችም። አመሻሽ ላይ "ሥራ የለም፣ ተመልሼ ተኛሁ" ሲላት፣ "ተኛ፣ ይገባሃል" ትለዋለች፤ ማንም እንዳላያት ዙሪያዋን ቃኝታ።