በናይሮቢ በኩል ወደ ልደታ

የቅርብ ነገር ዓይን አይሞላም። ይህን ለማወቅ ምርምር አያስፈልግም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። በራችሁ ላይ ያለውን ሱቅ አልፋችሁ፣ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ሄዳችሁ፣ ያንኑ ሳሙና ስንት ጊዜ ገዝታችኋል? በታክሲ ተሄዶ የተገዛ ሳሙና የተሻለ አረፋ ያለው ይመስላል። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ የመሳሳት ልምድ አለኝ። ስለዚህ የገጠመኝን ላውራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የምሠራው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለጠበቆች የቀጠሮ መከታተያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ጠበቃው የመዝገቡን ቀጠሮ ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ቀኑ ሲቃረብ ያስታውሰዋል። ሠራተኞቹ ሁለት ነበርን። እኔ ደንበኞችን እጠይቃለሁ፣ የጠየቅሁትን እጽፋለሁ፣ የተሠራውን እፈትሻለሁ። ኮዱን የሚጽፈው ነስሩ ነው። ነስሩ የመርካቶ ጫማ ነጋዴ ልጅ ሲሆን አንድ የማይለቀው አመል አለው፤ ፕሮግራሙን ሲሞክር ሁልጊዜ የሚያስገባው አንድ የፈጠራ ክስ ነው። ከሳሽ፦ አቶ አጥሩ። ተከሳሽ፦ ዶሮዋ። የክሱ ምክንያት፦ ሳታስፈቅድ መዝለል። ጠበቆቹ ከማየታቸው በፊት አጥፋው እለዋለሁ፤ እሺ ይላል፤ ይረሳዋል።

አንድ ጠዋት አለቃችን ጋሽ ሙላቱ ቢሯቸው ጠሩኝ።

«ደንበኞች የት ተሠራ ይሉኛል» አሉ። «እዚሁ፣ ሦስተኛ ፎቅ ስላቸው ፊታቸው ይቀዘቅዛል። ኮዱን ውጭ አገር እናሠራው። አውሮፓ አንችለውም፤ ከቅርብ አገር አንዱን ምረጥ። አንተ ጠንቃቃ ነህ።»

«ነስሩስ፣ ጋሼ?»

«ነስሩ ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ።

እኛ ዘንድ ሰው ሊሰናበት ሲል እንዲህ ይመሰገናል።

ነገሩ ለነስሩ ቀላል አልነበረም። በቅርቡ ሽማግሌ ልኮ፣ የልጅቷ አባት እሺ ያሉት «ቋሚ ሥራ አለው» ስለተባሉ ነው። እንዲህ መሆኑን እያወቅሁ ሠንጠረዤን አዘጋጀሁ። ናይሮቢ፣ ካምፓላ፣ ኪጋሊ፣ ካይሮ። ኢንተርኔቱ፣ መብራቱ፣ የሰዓት ልዩነቱ፣ የበረራው ርዝመት። ነስሩ ከጀርባዬ ቆሞ ያነባል።

«ጀለሴ፣ ወንበሬን በየትኛው አውሮፕላን ነው የምትጭነው?»

«ገና አልወሰንኩም።»

«ኪጋሊን ተው። ከተማቸው ንጹሕ ነው አሉ፤ የኛን ኮድ ሲያዩ ይታመማሉ።»

ሳቅን። ነስሩ ወንበሬን ተደገፈ።

«አባቴን ደንበኛ ‹ጫማው የውጭ ነው?› ሲለው ገልብጦ ሶሉ ላይ ያለውን የጣሊያን ማኅተም ያሳየዋል» አለ። «ማኅተሙን የሚመታው ሰውዬ ከሱቁ ጀርባ ነው ያለው።»

በሠንጠረዡ መጨረሻ «ልደታ» ብዬ አንድ መስመር ጨመርኩ። ነጥቦቹን በሐቀኝነት ስደምር በሁሉም በለጠች። ጋሽ ሙላቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና በእስክሪብቶ ሰረዟት። «ይቺ አገር አይደለችም» አሉ። ልክ ናቸው። አገር አይደለችም።

ናይሮቢ ተመረጠች፤ ሰዓታችን አንድ ነው፣ በረራውም አጭር ነው። ነስሩ የጠረጴዛውን ዕቃ በአንድ ካርቶን ይዞ ወጣ። እኔ ደግሞ የምንፈልገውን ሁሉ ለናይሮቢዎቹ በዝርዝር ጽፌ፣ ደጋግሜ አንብቤ ላክሁ። ሥራው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ ስህተቴ ታየኝ። የወሮቻችንን ስም ስዘረዝር ከመስከረም ተነስቼ ነሐሴ ላይ ቆሜያለሁ። ጳጉሜን ረስቻለሁ! እንዴት ይረሳል ትሉ ይሆናል። ደመወዝ የማይከፈልበትን ወር ደመወዝተኛ ይረሳዋል።

የይቅርታ መልእክት ጀምሬ እያሳመርኩ ሳለ ሥራው ከናይሮቢ ደረሰ። እየፈራሁ ከፈትሁት። ጳጉሜ ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች፤ በአምስት ቀኗ፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ በስድስት። ይህ ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ፍርድ ቤት በክረምት እንደሚዘጋም ያውቃል፤ ይህንንም አልጻፍሁትም ነበር። ኬንያውያን እንዴት ያሉ ሰዎች ናቸው አልኩ። እየተደነቅሁ የክሶቹን ዝርዝር ከፈትሁ።

ከሳሽ፦ አቶ አጥሩ። ተከሳሽ፦ ዶሮዋ።

ለነስሩ ደውዬ ያለበትን ስጠይቀው «በመስኮት እይ» አለኝ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ፣ አንድ እጅ ይወዛወዛል። ደረጃውን ወርጄ መንገዱን ተሻገርኩ።

«ናይሮቢዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ከቅርብ አገር ሰው ያፈላልጉ ነበር» አለ ነስሩ ወንበር እየሳበልኝ። «አማርኛ የሚችል አሉ። ተመዘገብኩ። ሰነዱን ሲልኩልኝ ወዲያው ያንተ መሆኑን አወቅሁ። እንዲህ ተጠንቅቆ ጳጉሜን የሚረሳ ሌላ ሰው የለም።»

«ለጋሽ ሙላቱ ልንገራቸው? ይመልሱሃል።»

«አደራህን!» ከወንበሩ ተነሣ። «የልጅቷ አባት አሁን ‹አማቼ ለውጭ ድርጅት ነው የሚሠራው› እያሉ ሰፈሩን አዳርሰዋል። ሰርጉ አዳራሽ ይሁን ብለዋል። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ከመለስከኝ ሰርጉን አፈረስክ ማለት ነው።»

እኔ ውሸት አልችልበትም። ስዋሽ ጆሮዬ ይቀላል። እየተጨነቅሁ ስመለስ ጋሽ ሙላቱ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጠው ጳጉሜን እያገላበጡ ያያሉ።

«አየህ?» አሉ። «የውጭ ሰው እኮ የኛን ባሕል ሳይቀር አጥንቶ ነው የሚሠራው! ነስሩ ቢሆን ይቺን ያስባት ነበር?»

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሰርጉ ትዝ አለኝና ዋጥሁት።

«ይቺ የዶሮ ክስ ግን ምንድን ናት?»

«መሞከሪያ ናት፣ ጋሼ።»

«ጨዋታም ያውቃሉ!» ብለው ከልባቸው ሳቁ። «እነዚህን ልጆች አንድ ቀን ጠርተን ምሳ ብንጋብዛቸው ደስ ይለኛል። እስከዚህ መምጣት ይከብዳቸው ይሆን?»

ጥያቄውን በጥንቃቄ መዘንሁት። በመስኮት ወደ ማዶ አየሁ፤ የታክሲ ሰልፉን፣ መንገዱን፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ደረጃ።

«መንገዱ ካልተጨናነቀ አይከብዳቸውም» አልኩ።

ጆሮዬ አልቀላም።